ያልጠና ቀለም

ዓርብ ጠዋት የሐብተ ማርያም ጩኸት የቁስቋምን ሰፈር እኩሌታ ቀሰቀሰው። ሰው የሞተ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሮጡ ሴቶች ነበሩ። ግቢው ሲደርሱ ሬሳ የለም፣ ያለችው ማኪና ናት። «ምነው ሐብቴ፣ ለብረት እንዲህ ይለቀሳል?» ብለው ተቆጡት፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ኢንስፔክተር የትነበርሽ ከሳጅን ፋሲካ ጋር ስትደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል። ሃያ ዓመት ሙሉ ፖሊስ የሆነች፣ ሌባ ስትይዝ እንኳ «ቁርስ በልተሃል?» ብላ የምትጠይቅ ሴት ናት። ዛሬ ግን ራሷም ቁርስ ስላልበላች ፊቷ አልተፈታም።

«ለማኪና ጭረት ኢንስፔክተር ይጠራል እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

«ሰውየው ስልኩ ላይ ሲያለቅስ የጣቢያ አዛዡ ሆዱ ባባ» አለ ፋሲካ።

ሐብተ ማርያም አርባ ዓመት የሞላው፣ ሚስት ያላገባ፣ ከጎንደር ደባርቅ ኮንትራት የሚሠራ ሾፌር ነው። ማኪናዋ አረንጓዴ ዲኤክስ ናት። ከሁለት ወር በፊት ወገራ ላይ የጭነት መኪና ገፍቷት ሁለት ጊዜ ተገለባብጣለች፤ እሱ ግን ቅንድቡ ላይ ከአንዲት ጭረት በቀር ምንም ሳይሆን ወጣ። ከዚያ አዘዞ መንገድ ካለው ከአያ ማሩ ጋራዥ ገብታ ጎኗ ተቃና፣ ጣሪያዋና ኮፋኖዋ ተቀጠቀጠ፣ እንደ አዲስ ተቀባች። ከጋራዥ ከወጣች ገና ስምንት ቀኗ ነው።

የትነበርሽ ማኪናዋን ዞረቻት። ጣሪያው ላይ ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር ደብዝዟል፤ ጠጋ ብላ ስታየው ወንፊት የተጫነው ይመስል ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች ታትመውበታል። ኮፋኖው ላይ ደግሞ ጎን ለጎን የወረዱ ጭረቶች አሉ፣ አራት እዚህ፣ አራት እዚያ።

«ቲነር ነው!» አለ ሐብተ ማርያም። «ቲነር ደፍቶባት፣ በምስማር ጫረልኝ!»

«ማን?»

«ማን ይሆናል? ያ የቀባት፣ ቢያዝን የሚባለው ነዋ! ውሻዬንም መርዞብኛል። እስኪ እዩት፣ ከነጋ ቁርሱን አልቀመሰም።»

ቡቺ የተባለው ውሻ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ጅራቱን አንድ ጊዜ አነሳና መልሶ ጣለው። የታመመ አይመስልም፤ ከድግስ የመጣ ነው የሚመስለው። ከፊቱ የተቀመጠለትን ፍርፋሪ ዶሮ እየለቀመው ነው።

«ጠዋት ስታያት በእጅህ ምን ነካህ?» አለች የትነበርሽ።

«እጄ ላይ ዝልግልግ ሲልብኝ ደንግጬ በጨርቅ አበስኩት።»

«ኧረ በማርያም! ማስረጃ ይታበሳል?» የትነበርሽ ግንባሯን ያዘች። ፋሲካ ጨርቁን ከቆሻሻው መሃል ፈልጎ አወጣና በላስቲክ አሠረው። እሷም ከማኪናዋ በር ጫፍ ላይ ተሰክቶ የቀረ ወፍራም ጥቁር የጠጉር ክር ነቅላ ፖስታ ውስጥ ከተተች። ስትጨርስ ኮፋኖው ላይ ዝንቦች ሰፍረው አየች። እፍ አለችባቸው፤ ተነስተው መልሰው እዚያው አረፉ። ነገሩ ከነከናት፤ ግን ምን እንደሆነ አልያዘላትም።

ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሸዋአየሁ፣ ስኳር እየሰፈረች ቃሏን ሰጠች።

«ትናንት ሲመሻሽ አይቼዋለሁ፣ ያን የጋራዡን ቀለም ቀቢ። በሩን አንኳኳ፣ ቆመ፣ ደግሞ አንኳኳ። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።»

«በእጁ ምን ይዟል?»

«ምንም። ግን ኪስ የለውም እንዴ?» አለች ሸዋአየሁ፤ ከዚያ በላይ አልተጠየቀችም።

ሐብተ ማርያም የቀረውን ጨመረ። ማኪናዋን የወሰደ ዕለት የበሩ አረንጓዴና የኮፋኖው አረንጓዴ አይመሳሰልም ብሎ ከቢያዝን ጋር ተጨቃጨቁ። ቢያዝን ብሩሹን ወርውሮ በሰው ፊት «ሳምንት ሳይቆይ ታለቅስባታለህ!» አለው። ይኸውና በስምንተኛው ቀን አለቀሰባት።

ፋሲካ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ። ዛቻ አለ፣ በቦታው ታይቷል፣ ቲነርም ዕለት ዕለት እጁ ላይ ነው። ቢያዝን በስድስት ሰዓት ከጋራዡ ተይዞ መጣ።

ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሰው ትከሻው ሰፊ፣ የጥፍሮቹ ሥር አረንጓዴ ነው።

«ታለቅስባታለህ ብለሃል?»

«ብያለሁ! ለምን አልልም?» አለ ቢያዝን። «አዲስ ቀለም ላዩ ይደርቃል እንጂ ውስጡ ለወር አይጠናም። በሳሙና አትጠባት፣ ሰም አትቀባት፣ ጨርቅ አታልብሳት፣ ወፍ የሚያርፍበት ዛፍ ሥር አታቁማት፣ ብትቆሽሽ በንጹህ ውሃ ብቻ ብዬ ለመንኩት። ‹መጀመሪያ ቀለሙን አመሳስል› ብሎ ሳቀብኝ። አሥራ ሁለት ቀን የደከምኩበት ሥራ ነው፤ ተናደድኩ።»

«ትናንትስ ምን ልታደርግ ሄድክ?»

ቢያዝን አንገቱን ደፋ። «ልታረቅ።»

«ልታረቅ?»

«ሴት ልጄ እሑድ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሳለች። የንስሐ አባቴ ‹የተጣላኸውን ሳትታረቅ ልጅህን ይዘህ ቤተ መቅደስ እንዳትገባ› አሉኝ። ሄድኩ፣ አንኳኳሁ፣ የሚከፍት አጣሁ። ተመልሼ ቤቴ አደርኩ። ከሚስቴ ሌላ ምስክር የለኝም።»

የትነበርሽ ዓይን ዓይኑን አየችው። ልቧ አምኖታል፣ ግን ልብ መዝገብ ላይ አይጻፍም። የፍርድ ቤት ቀጠሮው ሰኞ እንደሆነ ስትነግረው ሰውየው ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ኢንስፔክተር፣ ሰማንያ ቀን ለሰኞ አይተላለፍም። አባት ያላት ልጅ፣ እንደ ሙት ልጅ ያለ አባት ትነሳ?»

የእስር ወረቀቱ ላይ ፈረመች።

ከሰዓት በኋላውን ሌላ ጠላት ስትፈልግ ዋለች። ሐብተ ማርያም ደንበኛ ቀማኝ ብሎ መናኸሪያ ላይ የሚያማው ሙሉሰው የሚባል ሾፌር አለ፤ እሱን አገኘችው። ሙሉሰው ሐሙስ ሌሊት ደባርቅ ነበር ያደረው። የሆቴሉ ባለቤት በስልክ «አዎ፣ ሲያንኮራፋ ጎረቤት አልጋ የያዙት ፈረንጆች ክፍል ቀይሩልን አሉ» ብላ መሰከረችለት። ያ በር ተዘጋ።

ቅዳሜ በማለዳ የቢያዝን ሚስት ዝናሽ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ነበር። ልጇን ለጎረቤት ጥላ፣ ለባሏ ቁርስ ይዛ መጥታለች። የጡቷ ወተት በነጠላዋ ላይ ወጥቷል።

«እቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች፣ ሳታለቅስ። «ክርስትና እናት ልትሆናት የነበረችው ሴት ትናንት ማታ ላከችብኝ። የእስረኛ ልጅ አላነሳም ብላለች። አሁን ልጄ አባትም የላት፣ ክርስትና እናትም የላት።»

የትነበርሽ ቁርሱን ራሷ ተቀብላ አስገባችለት። ከዚያ «ተነሳ ፋሲካ፣ ጋራዥ እንሂድ» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ቁጣ ነበር፣ ቁጣውም በራሷ ላይ ነበር።

አያ ማሩ ሠላሳ ዓመት ማኪና ሲቀቡ የኖሩ፣ ጺማቸው እንኳ የሰው ማኪና ቀለም የማያጣ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልኳ ላይ ያለውን ፎቶ ከዓይናቸው አስጠጉት።

«ይኸ ቲነር ነው ያለሽ ማነው?»

«ባለቤቱ።»

«ባለቤቱ መንዳት ይወቅ! ቲነር ቢሆን ቀለሙን አፍልቶ እንደ ወተት ስልባቦት ያኮማትረው ነበር። እይ፣ ይኸ የልብስ አሻራ ነው። ወፍራም የጠጉር ልብስ፣ የእጅ ሥራ። ያልጠና ቀለም እንደ ሊጥ ነው፤ የጫንሽበትን ይቀበላል። ደግሞ ወዝ ጠጥቷል፤ ለዚያ ነው የደበዘዘ።»

የትነበርሽ የጠጉር ክሩን አሳየቻቸው። አያ ማሩ በሁለት ጣታቸው አሻሹት።

«የበግ ጠጉር። ልጄ፣ እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የሚጠላ ሰው ያለብሳል?»

«ምን ለማለት ነው?»

«ሰው የጠላውን ይገፋል እንጂ አያለብስም። ይህን ያደረገ ሰው ይወዳታል።»

የትነበርሽ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ የታሸገውን ጨርቅ ከፋሲካ እጅ ነጥቃ ፈታችና አሸተተችው። አንድ ጊዜ፣ ደግማ። ሳታስበው ፈገግ አለች። ቲነር የነካው ላይ ዝንብ አያርፍም ነበር እኮ! የጠገበ ውሻ ቁርሱን እንደማይበላም ልጅ ሁሉ ያውቃል።

«ምን አገኘሽ?» አለ ፋሲካ።

«ና ወደ ቁስቋም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል።»

ሐብተ ማርያም ማኪናዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ሐዘንተኛ ሆኖ።

«ሐሙስ ሌሊት እዚህ ግቢ ማን አደረ?» አለችው።

«እኔ። ውሻው። እናቴ።»

«እናትህ? ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«እናትም ትቆጠራለች እንዴ? ከመካነ ብርሃን ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ሐሙስ ከመሸ ከመናኸሪያ ተቀብያት ነው የገባነው። ዓርብ ሊነጋ ሲል አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ባለ ሚኒባስ ጎረቤት ይዟት እንፍራንዝ እህቴ ዘንድ ሄደች። ማኪናዋ እንዲህ ሆና ሳታያት በመሄዷ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ደም ግፊት አለባት፤ ብትሰማ ትሞትብኛለች ብዬ እስካሁን አልነገርኳትም።»

የትነበርሽ ፋሲካን አየችው። ፋሲካም አያት። ሁለቱም የእህቱን ቤት ጠይቀው ወደ መኪናቸው ገቡ።

እንፍራንዝ ሲደርሱ አምስት ሰዓት አልፏል። የሐብተ ማርያም እህት አበቡ ግቢ አጥር ላይ አንድ ባና ተሰጥቷል፣ ያ ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም የደጋ ልብስ። የትነበርሽ ጠርዙን ገለጠችው። ጠጉሩ ውስጥ አረንጓዴ ቅንጣት ተይዟል።

እትዬ እንኳየሁ ከቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀጭን፣ ቁመታም፣ ጉንጫቸውን የስሜን ብርድ ያቀላው እናት ናቸው። ልጃቸው አበቡ እንግዶቹን ልታስገባ ስትወጣ እየተነጫነጨች ነበር፦ «ሙሉ ቅል ቅቤ አመጣሁልሽ ብላ ግማሽ ቅል! የቀረውን ለማን እንደሰጠች እንኳ አትናገር!»

የትነበርሽ ከአሮጊቷ ጎን በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ የሐብተ ማርያምን ማኪና ቅቤ ቀብተዋት ነበር?»

የሴትዮዋ ፊት በደስታ በራ። «ነገረሽ? እሰይ! አማረባት? እንደው ሸጋ ሆናለች አይደል?»

ፋሲካ ወደ አጥሩ ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የትነበርሽ ግን አልሳቀችም።

«እስኪ ይንገሩኝ፣ እንዴት አደረጉ?»

«ምን አለው? እኛ አገር ከሞት የተረፈ ሰው አናቱን ቅቤ ይቀባል። ልጄን ልቀባው ብል ‹እማ፣ ተሳፋሪ ሽታውን ይሸሻል› አለኝ። ተውኩት። ግን አስቢው እስኪ፣ ገደል ለገደል ስትንከባለል ልጄን በሆዷ ይዛ አልለቀቀችም። ሰው ብትሆን እግሯን አጥቤ በጠጣሁ! እሷን ማን ቀባት? ደግሞ ማታ እራት ላይ፣ ‹ቀለሟ ገና ነው፣ ለወር አይጠናም› አለኝ። ያልጠና ቆዳ ያለ ቅቤ ይሰነጠቃል፤ ቆዳ ያለፋ ሁሉ ያውቀዋል። ልጄ ሲተኛ ወጥቼ ከአናቷ እስከ አፍንጫዋ አሸሁላት። ብርድ እንዳይመታት ባናዬን አለበስኳት። ባናው አጭር ሆኖ አፍንጫዋ ውጭ አደረ። ሌሊት በጨለማ ባናዬን ገፍፌ ስሜያት መጣሁ።»

ውጭ ያደረው አፍንጫ ኮፋኖው ነው። የኮፋኖውን ቅቤ ቡቺ ወጥቶ በአራት እግሩ እየቧጠጠ ልሶታል። ምስማሩ የውሻ ጥፍር ነበር።

የትነበርሽ እንደምንም አድርጋ ነገረቻቸው። የቀለሙን ነገር ሲሰሙ እትዬ እንኳየሁ «ሞት ይርሳኝ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። የታሰረውን ሰው ሲሰሙ ግን ምስሩ ከጭናቸው ላይ ተደፋ።

«ሰው? ሰው ታሰረ? በኔ ቅቤ?»

«ነገ ሴት ልጁ ክርስትና ትነሳለች። አባቷ ካልወጣ—»

«ተነሽ» አሉ አሮጊቷ፤ ከፖሊሷ ቀድመው ቆመዋል። «አበቡ፣ ነጠላዬን! ምን ያስቀምጠናል? ተነሽ አልኩሽ!»

ማክሰኝት ላይ እትዬ እንኳየሁ «ልጅቱ ጠና ብላለች?» ብለው ጠየቁ። የትነበርሽ «ደህና ናት አሉኝ» ስትል እጃቸውን ወደ ሰማይ አንስተው አመሰገኑ።

ሐብተ ማርያም በስልክ ሁሉን ሰምቶ፣ ማኪናዋን ይዞ ጣቢያው በር ላይ ቀድሟቸው ደርሷል። ክሱን አንስቶ ፈርሟል። ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ቆሟል፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል። ቢያዝን የቅቤውን ነገር ከፋሲካ ሰምቶ፣ ቀበቶውን እያሠረ ወጣ።

መጀመሪያ የተናገረችው የትነበርሽ ናት። «ያሠርኩህ እኔ ነኝ። እውነትህን እንደሆነ ልቤ ነግሮኝ ነበር፤ ትናንት ያየሁት ነገር ዛሬ ነው የገባኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ፖሊስ በመንገድ ላይ ይቅርታ ሲጠይቅ ያላየው ሕዝብ አጉረመረመ። ቢያዝን ድንጋይ የተሸከመውን እንኳ አላየውም። ቀጥ ብሎ ማኪናዋ ዘንድ ሄደና መዳፉን ጣሪያዋ ላይ አሳረፈ። ጣቱ የባናውን አሻራ፣ ከዚያ የውሻውን ጥፍር ተከትሎ ወረደ። አሥራ ሁለት ቀን የደከመባት ናት፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

እትዬ እንኳየሁ ጠጋ አሉት። «ልጄ፣ እኔ ነኝ። ማንም አይደለም። የፈለግኸውን አድርገኝ።»

«ምን ዓይነት ቅቤ ነው?» አለ ቢያዝን፣ ሳይዞር።

«ለጋ። የመካነ ብርሃን ለጋ።»

«ሌሊቱን ሙሉ?»

«ሌሊቱን ሙሉ።»

ቢያዝን ከንፈሩን ነከሰ። ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ ራሱም አያውቅም። ከዚያ ቁጣው መጣ። «እማማ፣ በናንተ ምክንያት ልጄን የምታነሳት ሴት ሸሽታለች። ነገ ሰማንያ ቀኗ ነው። ልጄ የእስረኛ ልጅ ተባለች!»

አሮጊቷ እግሩ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ በሁለት እጁ ደግፎ ያዛቸው። የትነበርሽ የንስሐ አባቱን ቃል አስታወሰች፤ ይህ ሰው ዛሬ ይቅር ካላለ፣ ነጻ ቢወጣም ነገ ቤተ መቅደስ አይገባም።

«ልጅዎን ስላተረፈች ነው የቀቧት?» አለ ቢያዝን።

«ስላተረፈችልኝ።»

«ለብረት።»

«ለብረት» አሉ እትዬ እንኳየሁ፣ አፍረው።

«ለብረት ውለታ እንዲህ የሚከፍል ሰው በዕድሜዬ አላየሁም» አለ ቢያዝን። «እንግዲያ ልጄን እርስዎ ያንሱልኝ። ክርስትና እናቷ እርስዎ ይሁኑ።»

«እኔ? ያሳሰርኩህ?»

«ከእርስዎ የተሻለ የሚሳሳላት ከወዴት አገኛለሁ? እምቢ ካሉኝ ነው የማልታረቅ።»

እትዬ እንኳየሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። «አነሳታለሁ። እስክሞት ልጄ ናት» አሉ። ቢያዝን ያኔ ዞሮ ድንጋዩን ከሐብተ ማርያም ማጅራት ላይ አወረደለት። «አሁን አበልጅ ልንሆን ነው፤ ቀና በል። ማኪናዋን ከወር በኋላ አምጣት፣ አስተካክላታለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካት፣ አንተም ጭምር።»

ሐብተ ማርያም «እሺ» አለ። የኋላውን በር ለእናቱና ለየትነበርሽ ከፈተ፤ ቢያዝን ከፊት ተቀመጠ። ቤቱ ሲደርሱ ዝናሽ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ባሏን ስታይ ወደ ውስጥ ገብታ ልጅቱን አመጣችና ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት። በማግስቱ ካህኑ ሕፃኗን ከውሃው አውጥተው ለክርስትና እናቷ ሲያቀብሉ፣ አባቷ አጠገቧ ቆሞ ነበር።